«ውሃ መንገዱን አያጣም» ላላችሁ

«አይጨነቁ ጋሼ፣ ውሃ መንገዱን አያጣም» አለኝ ቧንቧ ሠሪው፣ ቧንቧውን ወለሉ ላይ ለጥ አድርጎ አጋድሞ። እውነቱን ነው፤ አያጣም። አንተ መንገድ ካልሠራህለት ራሱ ይሠራል፤ እሱ የሚሠራው መንገድ ደግሞ በታችኛው ጎረቤት ኮርኒስ በኩል ነው።

በዘመድም በወዳጅም ቤት ሻወር ሲሠራ አይቻለሁ። ወሬው ሁሉ ስለ ሻወር ትሬው ነው፤ ስፋቱ፣ ንጣቱ፣ መስታወቱ ተንሸራታች ይሁን ተከፋች። ከሥሩ ስለሚያልፈው የፍሳሽ ቧንቧ ትንፍሽ የሚል የለም። እኔ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። ቤት የሚያበላሸው እሱ ነውና በየሥራ ቦታው የሰማሁትን ሰበብ በየተራው እመልሳለሁ። ምላሴ የሚከብደው ካለ ይቻለው፤ ከኮርኒስ ጠብታ የኔ ምላስ ይቀላል።

«ትሬውን ገዝቻለሁ፤ ቧንቧው ቀስ ብሎ ይታሰብበታል» ትላለች የአክስቴ ልጅ።

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ! የገዛሽው ትሬ ከፍታው 4 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከወለሉ ጋር እኩል ስለሚመስል ያምራል። ነገር ግን ከሥሩ ሲፎን ሊገባ ነው። ከትሬው ግርጌ እስከ ቧንቧው ሆድ ድረስ ለሲፎኑ ብቻ 8 ሳንቲ ያህል ያስፈልጋል። ከዚያ ቧንቧው ወደ ዋናው መውረጃ ሲሄድ በየሜትሩ 2.5 ሳንቲ ዝቅ ይበል። መውረጃው 2 ሜትር ከራቀ 5 ሳንቲ ጨምሪ። 8 እና 5፣ 13። ይህችን 13 ሳንቲ ከየት ታመጫታለሽ? ወይ ትሬውን በጡብና በስሚንቶ ከፍ አድርገሽ ደረጃ ታበጂለታለሽ፤ ወይ ወደ መውረጃው አስጠግተሽ ርቀቱን ታሳጥሪያለሽ፤ ወይ ደግሞ ቤቱ ሲሠራ አስቀድሞ የተተወ ጥልቀት ይኖራል። የሱቁ ልጅ ይህን አይነግርሽም፤ እሱ የሚሸጠው ትሬ እንጂ ቁልቁለት አይደለም። መጀመሪያ ሜትር ይዞ መውረጃው ጋ መሄድ፣ ከዚያ ወደ ኋላ እየለኩ መምጣት፣ ትሬ መምረጥ መጨረሻ ላይ።

«ደረጃ ከሚሆን ሶሌታውን ትንሽ ቆርቆር ብናደርገውስ?»

ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ትንሽ ቆርቆር የሚባል ነገር የለም። ሶሌታ ውስጥ ፌሮ አለ። ፌሮው በክፍሉ መሃል ወደ ታች፣ በቢሙ አጠገብ ግን ወደ ላይ ቀርቦ ነው የሚተኛው፤ ምክንያቱም እዚያ ጋ ጭነቱ ሶሌታውን የሚወጥረው ከላይ በኩል ነው። ሻወርስ የት ይቀመጣል? ጥግ ላይ። መሮህ የሚያገኘው እንግዲህ እዚያው እንዲሸከም የተቀመጠውን ብረት ነው። ጥቂት እንደመታህ ብረቱ ብቅ ይላል፤ ያን ጊዜ «አንዷ ብቻ ናት» ብለህ በግራይንደር ታልፋታለህ። ያቺ አንዷ የአንተ ወለል ብቻ አይደለችም፣ የሌላ ሰው ጣሪያም ናት። ባትቆርጣት እንኳ የለበሰችውን ኮንክሪት ገፈህ እርጥበት ውስጥ ትተሃታል። ትዝጋለች፤ ዝገት ደግሞ ያብጣል፤ ያበጠው ኮንክሪቱን ከውስጥ እየፈለቀቀ ይጥለዋል። ደረጃውን መውጣት የሚከብዳቸው ሽማግሌ በቤቱ ካሉ ግድግዳው ላይ ጠንካራ የእጅ መያዣ ብረት ይተከልላቸው። ሶሌታ አይነካም።

«ስሎፕ ሰጥቼዋለሁ፣ በዓይኔ አይቻለሁ።»

ዓይንህ ደህና ነው፤ ግን ውሃ ልኩን አምጣው። አመጣው፤ ቧንቧው ላይ አስቀመጥነው፤ አረፋዋ በሁለቱ መስመሮች መሃል ቁጭ አለች። አረፋ መሃል ላይ ስትቀመጥ ለመስኮት ደፍና ለበር መቃን ደስ ይላል፤ ለፍሳሽ ቧንቧ ግን ክስ ነው። ዘዴው እኮ ቀላል ነው። የ1 ሜትር ውሃ ልክ ውሰድና መውረጃው ባለበት በኩል ባለው ጫፍ ሥር 2.5 ሳንቲ ውፍረት ያላት ቁራጭ እንጨት በፕላስተር እሰርባት። ከዚያ ቧንቧው ላይ አኑረው። አረፋዋ መሃል ከሆነች ቧንቧው በሜትር 2.5 ሳንቲ እየወረደ ነው ማለት ነው። በዓይን መገመት ቀረ፣ ክርክርም ቀረ። በየመሃሉ ደግሞ ቧንቧውን የሚደግፍ ነገር ይኑር፤ ካልተደገፈ ይሰምጥና ሆዱ ውስጥ ውሃ ያቁራል። በዚያች ኩሬ ላይ የሳሙና ዝቃጭ ይተኛል፣ በዝቃጩ ላይ ፀጉር ይጠመጠማል፣ ከወራት በኋላ ቁርጭምጭሚትህ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆመህ ትታጠባለህ።

«ይሄ የፈረንጅ ሥርዓት ነው ጋሼ፤ እዚህ እንዲህ አይሠራም።»

ቁልቁለትን ማን የፈረንጅ አደረገው? ደንብም ቢሆን አገራችን አላት፤ ስለ ሕንፃ የቧንቧ ሥራ የሚናገረው ኢቢሲኤስ 9 እ.ኤ.አ. በ1995 ወጥቷል። ፈረንጅም የተናገረው ካለ እንስማው፣ መስማት አያዋርድም። የእንግሊዝ የሕንፃ መመሪያ ለሻወር የሚለው 40 ሚሊ ሜትር ቧንቧ፣ በሜትር ከ18 እስከ 90 ሚሊ ሜትር ቁልቁለት ያለው፣ ርዝመቱም ለብቻው የአየር ቧንቧ ካልተሰጠው ከ3 ሜትር የማይበልጥ ነው። ቧንቧው 50 ከሆነ 4 ሜትር ይፈቅዳል። እኛ ጋ ደግሞ ገበያው ላይ 50 እንደ ልብ ይገኛል።

«እንዲያ ካልክ አዘቅዝቄ ልልቀቀው፤ ቶሎ ይወርዳል።»

እሱም ልክ አለው። ቀጭንና ረጅም ቧንቧ በጣም ሲያዘቀዝቅ ውሃው ቧንቧውን ሞልቶ እየተንደረደረ ይወርዳል፣ ከኋላው ያለውን አየር ይጎትታል፣ ሲፎኑ ውስጥ መቅረት የነበረበትንም ውሃ መጥጦ ይዞት ይሄዳል። ታጥበህ ስትጨርስ ከጉድጓዱ «ጉርርር» የሚል ድምፅ ከሰማህ እሱ ነው። እርግጥ ነው፣ ሻወር ከእጅ መታጠቢያ ይልቅ ዕድለኛ ነው፤ የትሬው መሬት ዝርግ ሊባል ጥቂት ስለሚቀረው መጨረሻ ላይ ቀስ እያለ የሚንጠባጠበው ውሃ ሲፎኑን መልሶ ይሞላዋል። ይህ ግን ረዳት ነው እንጂ ፈቃድ አይደለም።

«32ቱ ቧንቧ ይበቃዋል፣ ርካሽም ነው።»

32 የእጅ መታጠቢያ ቧንቧ ነው። እጁን የሚታጠብ ሰው ፀጉሩን አያፈስበትም።

«ሲፎኑ ቦታ ያዘብኝ፤ አወጣሁት።»

እዚህ ላይ ሰብሰብ እንበል፤ ቀልድ የለም። ሲፎን ማለት ቧንቧው ወርዶ ተመልሶ ከፍ የሚልበት እጥፋት ነው። በዚያ እጥፋት ውስጥ 5 ሳንቲ ቁመት ያለው ውሃ ይቀራል። በአንተ መታጠቢያ ቤትና በፍሳሽ ጉድጓዱ መሃል ያለው በር ያ ውሃ ብቻ ነው። ሌላ መዝጊያ የለም። ይህን እጥፋት ለመጸዳጃ መቀመጫ አዋቅሮ እ.ኤ.አ. በ1775 ለንደን ውስጥ የባለቤትነት መብት ያስመዘገበው አሌክሳንደር ካሚንግ የሚባል ሰዓት ሠሪ ነበር። የሰዓት ጥርስ ሲሠራ የኖረ ሰው የሽታን መግቢያ በጥቂት ውሃ ዘጋው። አንተ ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ ቦታ ያዘብኝ ብለህ ነቅለህ ትጥላለህ?

«ሽታ እኮ ሰው አይገድልም» ያለኝም አለ። ሆንግ ኮንግ ውስጥ አሞይ ጋርደንስ የሚባል የመኖሪያ መንደር አለ፤ ባለብዙ ፎቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የሳርስ ወረርሽኝ ጊዜ ከ300 በላይ ነዋሪዎች በዚያ መንደር ታመሙ፤ ከየትኛውም ሕንፃ ይልቅ የበዙት በአንዱ ሕንፃ ውስጥ ነበሩ፤ 42ቱ ሞቱ። መርማሪዎች ምን አገኙ? በብዙ መታጠቢያ ቤቶች ወለል ላይ ያለው የፍሳሽ መውረጃ ሲፎን ደርቆ ነበር። ሰዉ ወለሉን በውሃ ከማጠብ ይልቅ በእርጥብ ጨርቅ ይወለውል ስለነበር እጥፋቱ ውሃ የሚያገኝበት ጊዜ አልነበረም። በሩ ተዘግቶ የአየር መምጠጫው ሲከፈት፣ መምጠጫው በደረቀው ሲፎን በኩል ከዋናው ቧንቧ አየሩን ከነበሽታው ወደ ቤት ሳበው። ጥቂት ውሃ መሆን ባለበት ቦታ ባለመሆኑ ነው። ወንድሜ፣ ሲፎኑን መልስ።

«እሺ፣ እንዲያ ከሆነ ለማረጋገጫ ሁለት ልግጠምለት።»

አንድ። ሁለት ከሆነ በመሃላቸው አየር ይታፈናል፤ ውሃው መውረድ አቅቶት ይንተፋተፋል።

«ማያያዣ ምን ያደርጋል፤ ጫፉን በእሳት አሙቄ አሰፋዋለሁ፣ ከዚያ ጥልቅ።»

አየሁህ እኮ! ጋዜጣ አቀጣጥለህ የፒቪሲውን ጫፍ ስታዞረው ነበር። ጠርዙ ጠቁሯል፣ አንዱ ወገን ሳስቷል፣ ሌላው ተጨማድዷል። ሲለጠጥ የሳሳው ወገን ነው ነገ የሚሰነጠቀው። ፒቪሲ ሲያርር የሚያወጣው ጭስም ውስጡ የሃይድሮጂን ክሎራይድ ጋዝ አለበት፤ ዓይንህን የሚያነደውና ጉሮሮህን የሚከረክረው እሱ ነው። የዕለት እንጀራህን ስትሠራ ሳንባህን አትክፈልበት። ማያያዣ ግዛ፤ ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት እሽ፣ በደረቅ ጨርቅ ጥረግ፣ ማጣበቂያውን በሁለቱም ወገን ዙሪያውን ቀባ፣ አስገብተህ ሩብ ዙር አዙር፣ ጥቂት ያዘው። ከእሳቱ ይፈጥናል።

«ጥጉ ላይ አንድ ጎሚቶ ደንቅሬበታለሁ።»

አንድ ባለ 90 ጎሚቶ ከምትደነቅር ሁለት ባለ 45 አገናኝ። ውሃው ግድግዳ ከሚመታ ዞር ብሎ ይሂድ፤ ሲዘጋም የማጽጃ ሽቦ የሚያልፈው በሁለቱ በኩል ነው።

ባለሙያውን ብቻ ስወቅስ ሰምታችሁ ከሆነ አሁን የእሱን ተራ ስሙ። አንዱ ቧንቧ ሠሪ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፣ ለመስታወቱ ሲሆን ሳይከራከሩ ከፈሉ። ለሲፎኑ ሲሆን ርካሹን አምጣ አሉኝ። ለማያያዣ ሲሆን ባለው ተጠቀም አሉኝ። ደግሞ ሴራሚክ ለጣፊው ነገ ይገባል፣ ዛሬ ጨርስ አሉኝ። ታዲያ ምን ላድርግ?» ለዚህ መልስ የለኝም፤ ልጁ እውነቱን ነው። አብዛኛውን ጥፋት የማየው አሠሪው ዘንድ ነው። የሚታየውን ያስውባል፣ በማይታየው ላይ ይሰስታል፤ ከዚያ ውሃው ሲመጣ «ሠራተኛ ጠፋ» እያለ ያማል። ባለሙያው ጊዜና ዕቃ ሳይሰጠው በምን ይጠበብ? አሠሪዎች ሆይ፣ ገንዘባችሁ ካጠረ መስታወቱን ለከርሞ አቆዩትና በመጋረጃ ታጠቡ። መስታወት በኋላ ይገጠማል፤ ቧንቧ ግን በኋላ ሲገጠም ትሬውንም ሴራሚኩንም አስፈልቅቆ ነው።

«ተከራይ ነው እኮ የሚታጠብበት፣ ምን አስጨነቀህ?» ያሉኝ ባለቤትም አሉ። ተከራዩ ሰው ነው፤ ይህ ቢበቃ በተገባ ነበር። ካልበቃዎት ደግሞ፣ ተከራዩ ይወጣል፣ ሶሌታው የሚቀረው ለእርስዎ ነው።

«ትንሽ ክፍተት ብትኖር ሲሊከን ይደፍናታል።»

ሲሊከን የሚችለው ትንሽ እንቅስቃሴን ብቻ ነው። ትሬው ከሥሩ ባዶ ከሆነ በረገጥከው ቁጥር ዝቅ ከፍ ይላል፤ ሲሊከኑም በረገጥከው ቁጥር ይሳባል፤ አንድ ቀን ከግድግዳው ይላቀቃል። ያቺን የፀጉር ስንጥቅ የምታህል ክፍተት ማንም አያያትም፣ ውሃው ግን ያገኛታል። ስለዚህ ትሬው በአራት ማዕዘኑ ሥር በተሸጎጡ የሴራሚክ ስባሪዎች ላይ አይቀመጥም፤ መላ ወገቡ በአሸዋና ስሚንቶ ተሞልቶ በውሃ ልክ ይተኛል። ቧንቧው ይዘቀዝቃል እንጂ ትሬው አይዘቀዝቅም፤ የራሱ ስሎፕ ከፋብሪካ ተሰጥቶታል። ሴራሚኩ ደግሞ ከላይ መጥቶ በትሬው ከንፈር ላይ ይረፍ፤ መጀመሪያ ሴራሚክ፣ ቀጥሎ ትሬ የሚባለው ቅደም ተከተል በግድግዳው ላይ የሚወርደውን ውሃ ሁሉ ወደ ትሬው ጀርባ ይልካል።

«ሁሉም ካለቀ በኋላ እንፈትነዋለን።»

ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ! ካለቀ በኋላ የሚደረግ ፈተና ፍርድ ነው። ቧንቧው ገና እርቃኑን ሳለ መውረጃው ጋ ያለውን ጫፉን ዝጋውና እስከ ሲፎኑ አፍ ድረስ ውሃ ሙላው። የውሃውን ልክ በእርሳስ ምልክት አድርግና ሂድ፣ እደር። ጠዋት ውሃው ከምልክቱ ከወረደ አንድ መገጣጠሚያ ዋሽቷል። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ በየመገጣጠሚያው ሥር ደረቅ ሶፍት ጠቅልለህ ብታሳልፍበት ይነግርሃል፤ ጣት የማያውቀውን እርጥበት ሶፍት ያውቀዋል። ከዚያ ጫፉን ክፈትና አንድ ባልዲ ባንዴ ድፋበት፤ ሳይንገራገር ከወረደ ሸፍነው። ስትሸፍነውም መመለሻ በር ተውለት። ደረጃውን በጡብ ስትዘጋ ከፊት በኩል በብሎን የሚፈታ ሰሌዳ አድርግ፤ ወይም ከላይ በወንፊቱ በኩል ውስጡ ተነቅሎ የሚጸዳ ሲፎን ምረጥ። ፀጉር መግባቱ አይቀርም፤ ጥያቄው የሚወጣው በእጅ ነው ወይስ በመዶሻ የሚለው ነው።

ስለ ጎረቤት ካልተናገርኩ ግን ነገሩ ጎዶሎ ነው። በብዙ የኮንዶሚኒየም ቤቶች የላይኛው ሰው የፍሳሽ ቧንቧ የሚሄደው በታችኛው ሰው መታጠቢያ ቤት ጣሪያ ሥር ነው። በአንድ ሕንፃ ላይ አንዲት እማማ ከታች ይኖራሉ፤ ከላያቸው አንድ ጎልማሳ ሻወሩን አሳድሶ ገባ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በእማማ ኮርኒስ ላይ ቡናማ ክብ ወጣ፣ መሃሉ የገረጣ፣ ጠርዙ የጠቆረ። ክቡ በየሳምንቱ ሌላ ክብ እየወለደ ዳር ዳሩን ሰፋ። እማማ ከሥሩ ሳፋ አኖሩ። ልብሳቸው የሻገተ ሸተተ፤ ሳላቸው ጠና። ጎልማሳውን ጠርተን አሳየነው።

«እኔ ጋ ምንም ውሃ የለም፣ ወለሌ ደረቅ ነው» አለ።

አንተ ጋ ቢቀርማ እሳቸው ጋ ባልመጣ ነበር!

«ቧንቧው ያለው በእሳቸው ቤት ነው፤ እሳቸው ያሠሩት» ብሎ ደግሞ ጨመረ። ጣሪያው የእሳቸው ሊሆን ይችላል፤ የሚንጠባጠበው የአንተ ሳሙና ነው። የጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370/1995 የእያንዳንዱን ቤትና የጋራ መጠቀሚያውን ለይቶ ባለቤቶችን በማኅበር ያሰባሰበው፣ ሰው ለየብቻው ከቆመ ሕንፃው ስለማይቆም ነው። ግን አዋጅ እስኪጠቀስ መጠበቅም ነውር ነው። ከታችህ ያሉት የእናትህ እኩያ ጠብታ በሳፋ እየተቀበሉ ያድራሉ፣ አንተ ከላይ ሙቅ ውሃ እያወረድክ ትዘፍናለህ? ደግነቱ ልጁ ጨዋ ቤት ያሳደገው ነው፤ ምላሴን ታግሶ መሰላል አመጣ። ኮርኒሱ ሲከፈት ጥፋቱ ወዲያው ታየ። ሲፎኑን ከቧንቧው የሚያገናኘው የሚጠበቅ ቀለበት ጎማው ተጣሞ ገብቷል፤ በጥርስ ላይ ጥርስ ተላልፎ ታስሯል። ፈትቶ፣ ጎማውን አቃንቶ፣ በእጁ እስከ መጨረሻው አጠበቀው። በመፍቻ አላጠበቀውም፤ ፕላስቲክ በመፍቻ ይሰነጠቃል። የኮርኒሱን ቀለም በራሱ ወጪ አስቀባ፤ እማማም መረቁት።

ለመጨረሻው ሰው ልመልስና ላብቃ። ውጭ አገር ይኖራል፣ አዲስ አበባ ቤት አለው፤ በስልክ እንዲህ ይለኛል፦ «ቤቱ ዝግ ነው፣ ሻወሩ አዲስ ነው፣ ሁሉንም በደንቡ አሠርቻለሁ፤ እህቴ ስትከፍተው የሸተተው ታዲያ ከምን መጣ?»

ከመዘጋቱ መጣ። የማይታጠቡበት ሻወር ሲፎኑ ይደርቃል፤ በደጋ ፀሐይና ደረቅ አየር፣ በተለይ በበጋው፣ በሳምንታት ውስጥ ያቺ 5 ሳንቲ ውሃ ትተንና በሩ ወለል ብሎ ይከፈታል። ቧንቧ ሠሪ አትጥራ፣ ትሬም አታስነሳ። ቁልፉ ያለው ዘመድህ በወር አንድ ጊዜ ይግባና በሻወሩም፣ በወለሉም መውረጃ አንዳንድ ጆግ ውሃ ያፍስባቸው። ረጅም ጊዜ የማይመጣ ከሆነ ከውሃው በላይ አንድ ማንኪያ የምግብ ዘይት ይጨምር፤ ዘይቱ ተንሳፍፎ ውሃውን ይሸፍነዋል፣ ቶሎ እንዳይተን ያደርገዋል። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆነ በጀሪካን ይዞ ይሂድ። እህትህ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በዚያ በኩል ነው የምታልፈው፤ አሁኑኑ ደውልላት።